ቁጥቋጦ የወረሰውን የግጦሽ መሬት በእሳት ማጽዳት፦ ሳሩን ከመመዘን ከብቱን እስከ መመለስ

የግጦሽ ቃጠሎ ሞክረው ከከሸፈባቸው ሰዎች የምሰማው ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አቃጠልነው፤ ቁጥቋጦው ግን በዓመቱ ተመልሶ መጣ» የሚል ነው። ሌላው «እሳቱ አመለጠን» ነው። ሁለቱም የቃጠሎው ቀን ጥፋት ይመስላሉ። ብዙውን ጊዜ አይደሉም። የመጀመሪያው ሳሩ ሳይበቃ በመለኮስ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዳሩን በደንብ ሳያጸዱ በመቸኮል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ውስጥ አብዛኛው ክብሪት ከመጫሩ በፊት ስለሚሠራው ነው። እሱን ዘላችሁ ወደ ደረጃ 7 የምትሮጡ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ አታቃጥሉ።

ምሳሌዬ ቦረና ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ እሳት ከተከለከለ በኋላ ግራሩና ቁጥቋጦው ሳሩን የበላበት አገር ስለሆነ። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጥላል። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ቦረናዎች «ገና» ይሉታል (ከበዓሉ ጋር አታምታቱት)። አጭሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚጥለው «ሐገያ» ነው። የእናንተ አካባቢ የዝናብ ወቅት የተለየ ከሆነ ወራቱን አስተካክሉ። ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም።

ደረጃ 1፦ መሬቱ መቃጠል አለበት ወይ?

ቁጥቋጦን የሚገድለው ቁጥቋጦው ራሱ ሲነድ አይደለም። ከሥሩ ያለው ደረቅ ሳር ነው የሚያነደው። ሳር ከሌለ እሳት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳሩን መዝኑ። በዓይን መገመት አይሠራም፤ ሁላችንም የራሳችንን ሳር ሲበዛ እንገምተዋለን።

1. ከእንጨት ወይም ከገመድ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ።
2. በመሬቱ ላይ በቀጥታ ተራመዱና በየ30 እርምጃው ጣሉት። ቢያንስ 10 ቦታ። ደህና ሳር ያለበትን እየመረጣችሁ አትጣሉ።
3. ውስጡ ያለውን ሳር ከመሬት አስጠግታችሁ እጨዱ። በየማዳበሪያው ለየብቻ አስቀምጡ።
4. ፀሐይ ላይ እስኪንኮሻኮሽ አድርቁት። ከዚያ በሽንኩርት መሸጫ ሚዛን መዝኑት።
5. አማካዩን ውሰዱና በ10 አባዙት። በሄክታር ስንት ኪሎ እንዳለ ይነግራችኋል። አማካዩ 300 ግራም ከሆነ በሄክታር 3,000 ኪሎ ወይም 30 ኩንታል ማለት ነው።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። ከ200 ግራም በታች ከሆነ እርሱት፤ እሳቱ እዚህም እዚያም እየጠፋ መሬቱን አራቁቶ ይተወዋል። ከ200 እስከ 300 ያረጀ ሳር ያነሳል፣ ቁጥቋጦ ግን አይነካም። 300 ሲያልፍ ችግኙንና አጫጭሩን ይጠብሳል። እስከ ሰው ቁመት የደረሰ ቁጥቋጦ ጫፉ ድረስ እንዲደርቅ ከፈለጋችሁ 400 ግራም ያስፈልጋችኋል።

ክብደቱ ቢበቃ እንኳ የሚከተሉት ካሉ አታቃጥሉ፦

- ያለፈው ዝናብ የከሸፈ ከሆነ። ቦረና ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አምስት ዝናብ በተከታታይ የቀረበትን ጊዜ አይታለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለውን ሳር ማቃጠል ራስን ማጥፋት ነው።
- ቦታው ተከልሎ እንደገና እስኪከፈት ድረስ ከብቱ የሚሄድበት ሌላ ግጦሽ ከሌለ።
- መሬቱ ውስጥ ወይም ዳር የፓርቲኒየም አረም ካለ። የተራቆተ መሬት ይወዳል። መጀመሪያ እሱን ንቀሉ።
- ቁልቁለቱ ከባድ ከሆነ፣ ወይም ጥብቅ ደን የሚነካ ከሆነ።

ደረጃ 2፦ ስምምነትና ፈቃድ

ይህንን ቦታውን ከከብት ከመከለላችሁ በፊት ጀምሩ። የዴዳውን፣ ማለትም የጋራ ግጦሽ ክልሉን ሽማግሌዎች (ጃርሳ ዴዳ) ሳታማክሩ ወረዳ ብትሄዱ ወረቀቱን ታገኙ ይሆናል፣ ግጦሹን ግን የሚጠብቅላችሁ አይኖርም። ሽማግሌዎቹን ብቻ ይዛችሁ ወረቀት ከሌላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ይደርሳል። ደን ላይ እሳት መልቀቅ በደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ከባድ ወንጀል ነው። ሁለቱንም ያዙ። ከወረዳው የአርብቶ አደር ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቦታው፣ ስፋቱ፣ የቀኑ ክልልና ኃላፊው ስም ተጽፎበት።

ጎረቤቶቻችሁንም በየቤቱ ንገሩ። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ንብ አናቢዎች ናቸው። ቀፎው ዛፍ ላይ ስለሚሰቀል ከታች ለሚያልፍ ሰው አይታየውም። የማን ቀፎ እንዳለ ጠይቃችሁ ከሳምንት በፊት አስነሱ። ከሰል የሚያከስሉ ካሉም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ ሳሩን አሳድጉ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ10 ሄክታር አትለፉ። ቦታውን ከመጋቢት ጀምሮ ከከብት ከልሉ። ለጥጃ የሚከለለውን ካሎ ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ነው። የገናውም የሐገያውም ዝናብ ሳር ሳይበላ መቆየት አለበት። እስከ የካቲት 11 ወር ገደማ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚከሽፉት ብዙዎች ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ሳር ሲያጥር ሰዉ «ትንሽ እናስገባ» ይላል። ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ከብት አንዴ መግባት ከጀመረ ሳሩ ከ300 ግራም በታች ይወርዳል፤ የዓመቱ ሥራም አብሮ ይቀራል። ድርቁ ከጠናና የግድ ከሆነ አስገቡ። ግን ቃጠሎውን በዚያው ሰርዙ። ማዳን አይቻልም።

ጥር መጨረሻ ላይ እንደገና መዝኑ። ካልደረሰ አንድ ዓመት ጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ትልልቁን በመጥረቢያ

እሳት ከ2 ሜትር በላይ ያለውን ቁጥቋጦ አይችለውም። እሱን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ቁረጡ፤ እስከ የካቲት ይደርቃል። የቆረጣችሁትን እዚያው ጉቶው ላይ ጣሉት፤ ጉቶውን አብሮ ያቃጥለዋል። ከዳር እስከ 30 ሜትር ድረስ ያለውን ግን ወደ ውስጥ ጎትቱት። ዳር ላይ የተከመረ ደረቅ እሾህ ፍም ወደ ውጭ የሚወረውር መድፍ ነው።

ሁሉንም አትቁረጡ። ዳዳቻን የመሰለ ጥላና ፍሬ የሚሰጥ ትልቅ ግራር ይቅር። ከግንዱ ዙሪያ 2 ሜትር ሳሩን አጽዱለት።

አንድ ተክል ለብቻው ላንሳ። ጥቁር አፈር ላይ የሚበዛ፣ እሾሁ ሥር ኳስ የሚመስል እብጠት ያለው፣ ጉንዳን የሚኖርበት አጭር ግራር አለ። ቦረናዎች ፉሌሳ ይሉታል። እሳት ከላይ ያደርቀዋል፣ ከሥሩ ግን ያቆጠቁጣል። በአንድ ቃጠሎ ይጠፋል ብላችሁ ለማኅበረሰቡ ቃል አትግቡ። ደረጃ 10 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 5፦ የእሳት መከላከያ መስመር

ከቃጠሎው 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ሥሩ። በጣም ቀድማችሁ ከሠራችሁት ንፋስ ቅጠልና ሳር ይመልስበታል።

ስፋቱ ቢያንስ ከሳሩ ቁመት 10 እጥፍ ይሁን። ሳሩ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ማለት ነው። እስከ አፈሩ ቧጥጡት። የታጨደ ሳር መስመር አይደለም፤ የሳሩ ቅሪት ካለ እሳት ይሻገራል። የቧጠጣችሁትን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ርቆ ይደፋ፤ ዳሩ ላይ ከተከመረ እሳቱን ከፍ ያደርገዋል። መኪና መንገድ ወይም ደረቅ ወንዝ ካለ ተጠቀሙበት፣ ግን ወንዙ ውስጥ ያለውን ሳርና ግንድ መጀመሪያ አጽዱ።

መስመሩን ስትሠሩ በሁለቱም በኩል 10 ሜትር እየሄዳችሁ እነዚህን ፈልጉ፦ የወደቀ ግንድ፣ ቆሞ የደረቀ ዛፍ፣ የከብት እበት፣ የድሮ በረት።

የድሮ በረት ላይ ላፍታ ልቁም። ሰው ለቆ የሄደበት በረት ውስጥ የተከመረ እበት አለ፤ አንዳንዱ ከጉልበት ይበልጣል። አንድ ጊዜ እሳት ከያዘው ውስጥ ለውስጥ ሳምንታት ይጨሳል። እኔ የነበርኩበት አንድ ቃጠሎ በሰላም አልቆ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ተመራርቆ ተለያየ። በማግስቱ 7 ሰዓት ላይ ከመስመሩ 6 ሜትር ርቆ ከነበረ የድሮ በረት ፍም ተነስቶ የጎረቤቱን ግጦሽ ይዞት ሄደ። ሁላችንም በረቱን አይተነው ነበር። «አፈር ነው» ብለን አለፍነው። በረት ካለ ዙሪያውን ለብቻው መስመር አውጡለት፣ ወይም የቃጠሎውን ቦታ አዙሩ።

ደረጃ 6፦ ሰውና ዕቃ

ለ10 ሄክታር ከ15 እስከ 20 ሰው በቂ ነው። 50 ሰው መጥቶ ማየት ይፈልጋል፤ ከመስመሩ ውጭ፣ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁም። ሥራ ክፍፍሉ ይህ ነው፦

- አንድ አዛዥ። እሱ ራሱ አይለኩስም፣ አያጠፋም፤ ያያል፣ ያዛል። ቃሉ የመጨረሻ ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን፣ የወረዳ ኃላፊም ቢሆን አይሽረውም።
- ሁለት ለኳሾች።
- የቀሩት በ4 ቡድን ዳሩን ይጠብቁ። ብዙው ሰው ንፋሱ በሚሄድበት በኩል ይሁን።
- ሁለት ሰው ጭሱ የሚሄድበት መንገድ ላይ መኪና ለማስቆም።

ልብስ፦ የጥጥ ልብስ፣ ረጅም እጅጌ፣ የቆዳ ጫማ። ናይለንና ፖሊስተር ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ወደ ዳሩ አይጠጋ፤ ከነእግሩ ይጣበቃል።

ዕቃ፦ አካፋ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ሰፊ ጎማ ረጅም እንጨት ላይ ተመትቶ (ሳር ላይ ያለን እሳት ለማፈን ከእሱ የተሻለ የለም)፣ በየቡድኑ ቢያንስ 10 ጀሪካን ውኃ፣ የጀርባ መርጫ። መርጫው ቀድሞ የአረም መድኃኒት የነበረበት ከሆነ በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። ፊሽካ ለየቡድኑ። አንድ ረጅም ፊሽካ «መለኮስ አቁም» ነው። ሦስት አጭር «ሁሉም ወደ ተቃጠለው መሬት» ነው።

ለመለኮስ የደረቀ ሳር ወይም የጭራሮ ችቦ ይበቃል። ቤንዚን አይታሰብ። ትነቱ ቀድሞ ይቀጣጠልና እሳቱ እጅ ላይ ይደርሳል።

ደረጃ 7፦ ቀኑን መምረጥ

ጊዜው ከየካቲት አጋማሽ በኋላ፣ ዝናቡ ሊጥል ሲቃረብ ነው። ቀድሞ ከተቃጠለ መሬቱ ራቁቱን ለፀሐይና ለንፋስ ይሰነብታል። በዚያ ጊዜ ግን ሳሩ ከምንጊዜውም በላይ ደረቅ ነው። ስለዚህ አየሩን ጠዋትም፣ ከመለኮሳችሁ በፊትም፣ በየግማሽ ሰዓቱም ለኩ።

ንፋስ፦ ቅጠልና ቀጫጭን ጭራሮ ሳያቋርጥ ከተንቀሳቀሰ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥሩ ነው። አቧራ ካነሳና ቅርንጫፍ ካወዛወዘ ከ20 አልፏል፤ ወደ ቤት ሂዱ። ጭራሽ ንፋስ የሌለበት ቀንም ጥሩ አይደለም፤ እሳቱ ወዴት እንደሚዞር አታውቁም።

እርጥበት፦ ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ግዙ። የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሉና ጥላ ውስጥ ንፋስ አስመቱት። ደረቁ 28፣ እርጥቡ 18 ካሳየ የአየሩ እርጥበት ወደ 40 በመቶ ነው፤ መለኮስ ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር አየሩ ደርቋል። እርጥበቱ ከ25 በመቶ በታች ከወረደ ለጀማሪ ቡድን አይሆንም። ደረቁ ቴርሞሜትር ከ30 ዲግሪ ካለፈም እንዲሁ።

ቀኑ ካልሆነ ሰው ቢሰበሰብም፣ በግ ቢታረድም፣ እንግዳ ከአዲስ አበባ ቢመጣም ሰርዙ።

ደረጃ 8፦ መለኮስ

ንፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል እንበል።

1. ሁለት ሰው መሬቱን በሙሉ አቋርጦ ይሂድ። ሕፃን እረኛ፣ የተደበቀች ጥጃ፣ እንጨት ለቃሚ እንደሌለ በዓይኑ አይቶ ይመለስ።
2. ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ምዕራብ ዳር፣ ከመስመሩ ውስጥ፣ ሁለት እርምጃ የምታህል ሳር ለኩሱ። ጭሱ ወዴት ሄደ? ነበልባሉ ከወገብ በላይ ወጣ? እንደጠበቃችሁት ካልሆነ አጥፉትና ጠብቁ።
3. ከምዕራቡ ዳር መካከል ጀምሩ። አንዱ ለኳሽ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ መስመሩን ተከትለው ይለኩሱ። እሳቱ ከንፋሱ ጋር እየታገለ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ይሰለቻል። አትቸኩሉ። ቢያንስ 30 ሜትር እስኪጠቁር ወደ ቀጣዩ አትለፉ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ሲያልቅም እሳት ያመልጣል።
4. አሁን ሁለቱ ለኳሾች በሰሜንና በደቡብ ዳር እኩል ወደ ምሥራቅ ይሂዱ። እየተያዩ ወይም በፊሽካ እየተጠራሩ። አንዱ ከቀደመ ይቁም። የዳር ጠባቂዎች አብረው ይራመዱ።
5. ጎኖቹ 15 ሜትር ከጠቆሩ በኋላ፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የምሥራቁን ዳር በፍጥነት ለኩሱ። ቁጥቋጦውን የሚገድለው ይህ እሳት ነው። ከንፋሱ ጋር ሮጦ የጠቆረው ላይ ሲደርስ ይሞታል። ከዚህ በኋላ ማንም ውስጥ አይገባም።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ላይኛውን ዳር ንፋስ እንደሚሄድበት ዳር ቁጠሩት፤ መጀመሪያ እሱን አጥቁሩ። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፤ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ሲበላሽ

*ፍም መስመሩን ተሻገረ።* አንድ ረጅም ፊሽካ። ለኳሾች ይቁሙ። የቅርቡ ቡድን ብቻ ይሂድ፤ የሌላው ዳር ጠባቂዎች ቦታቸውን አይልቀቁ። ከጀርባው ጀምራችሁ በሁለት ጎን ወደ ፊቱ እያፈናችሁ ሂዱ። ከእሳቱ ፊት ማንም አይቁም። ቡድኑ ካልቻለው አዛዡ ሰውን ወደ ቀጣዩ መንገድ ወይም መስመር ያውርድ፤ እዚያ ይያዛል። ወረዳም ጎረቤትም ወዲያው ይደወልላቸው። ማፈር በኋላ ይደርሳል።

*ንፋሱ ዞረ።* ሦስት አጭር ፊሽካ። ሁሉም ወደ ጠቆረው መሬት። የተቃጠለ ሁለተኛ አይቃጠልም። ወዳልተቃጠለ ሳር የሚሸሽ ሰው ነው የሚጎዳው።

*እሳቱ መሀል ላይ ጠፋ።* ውስጥ ገብታችሁ እዚህም እዚያም አትለኩሱ። ወይ ሳሩ አንሷል፣ ወይ እርጥበቱ ጨምሯል። የቀረውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

*ሰው ተቃጠለ።* ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ወደ ጤና ጣቢያ።

ደረጃ 9፦ ፍሙን ማጥፋት

ከዳሩ 30 ሜትር ወደ ውስጥ የሚጨስ ነገር በሙሉ ይጥፋ። ግንዱን ገልብጡ፣ እበቱን በትኑ፣ ውኃና አፈር አደባልቁበት። መጥፋቱን ለማወቅ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት። ሙቀት ካለ አልጠፋም። 3 ቀንና 3 ሌሊት በፈረቃ ይጠበቅ። በጣም የሚያሰጋው የማግስቱ እኩለ ቀን ነው፤ ሰው ሲደክምና ንፋስ ሲነሳ።

ደረጃ 10፦ ከብቱን መቼ እንመልስ?

ዝናብ በጣለ በ10 ቀን ውስጥ ለምለም ሳር ይወጣል። ከብቱ እረኛ ሳይነዳው ራሱ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ከበላው ሥሩ ስንቁን ጨርሶ ሳሩ ይሞታል፣ ቦታውንም የሚይዘው ያቆጠቆጠው ቁጥቋጦ ነው። «አቃጠልነው፣ ተመልሶ መጣ» የሚባለው እዚህም ይወለዳል።

ስለዚህ ሳሩ ዘር እስኪያፈራና ዘሩ እስኪረግፍ ከልክሉ፤ ዝናቡ ደህና ከሆነ እስከ ሰኔ መጨረሻ። ዝናቡ ከሳሳ እስከ ሐገያው ማብቂያ፣ ኅዳር ድረስ። የቆረጣችሁት እሾህ ከተረፈ አጥር አድርጉት። ስታስገቡም ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ሲቀር አስወጡ። ላሙን ሳይሆን ሳሩን እያያችሁ።

ፍየልና ግመል ግን ሌላ ሥራ አላቸው። ፉሌሳውና ሌላው ግራር ያቆጠቆጠው ለስላሳ እሾህ ሳለ ይወዱታል። ሳሩ ዘር ከጣለ በኋላ ፍየሎቹን እዚያ ላይ አዘውትሩ። እሳቱ የጀመረውን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሳሩ እንደገና 300 ግራም ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ፣ ድጋሚ ታቃጥላላችሁ።

ከቃጠሎው በፊት 20 ቁጥቋጦ መርጣችሁ ሥራቸው አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ቅበሩ፤ ሽቦ ወይም ገመድ ብታስሩ ይቃጠላል ወይ ሰው ይወስደዋል። ኅዳር ላይ ተመልሳችሁ ስንቱ እንዳቆጠቆጠ ቁጠሩ። ከ10 በላይ ካቆጠቆጡ ለፍየሎቹ ሌላ አንድ ዝናብ ጨምሩላቸው፣ በመጥረቢያ ያለፋችሁትንም ድገሙት። ቁጥሩን ፈቃዱ የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉት፤ የሚቀጥለው አዛዥ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።